«ጠፋች!»፦ የአንዲት አሮጌ ዴስክቶፕ ጉዳይ

ስልኩ የተደወለው በቀትር ነው። ወሩ ግንቦት። ድሬ በዚያ ሰዓት ሱቋን ዘግታ ትጋደማለች። እኔም ከዚራ ያለችውን ሱቄን በር ገርበብ አድርጌ ማራገቢያው ፊት ተቀምጫለሁ።

«አቦ፣ ይቺ ኮምፒውተር ጠፋች!»

ደዋይዋ ሳቢያን ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት። እትዬ ነው የምላት። ዕድሜዋ እናቴን ያህላል፤ ግን «አንቺ» ነው የምላት። ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ብትለው «ምን አስቀየምኩህ?» ይልሃል። እሷም እኔን «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ፤ ስትናደድ ደግሞ «አንተ የፎርማት ልጅ»። ይህን ስም እንዴት እንዳገኘሁት እመለስበታለሁ።

ጉዳዩን የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ስለተሳሳትኩበት ነው። በትክክል የተሠራ ሥራማ ምን ይጻፍበታል።

ኮምፒውተሯ ከአንድ ድርጅት የወጣች ያገለገለች የቢሮ ዴስክቶፕ ናት። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። እትዬ ከገዛቻት ስምንት ወር ሆኗታል። ዋይፋይ አብሯት አልመጣም፤ ቢሮ ውስጥ በኬብል ትሠራ የነበረች ናትና። ስለዚህ የጥፍር ያህል የምታክል የዩኤስቢ ዋይፋይ ከኋላዋ ተሰክቶላታል። ራውተሩ ያለው ግድግዳ በሚለያቸው የጎረቤት ሱቅ ውስጥ ነው። ወርሃዊውን ክፍያ ለሁለት ይካፈላሉ።

ግንቦትና ሰኔ ለእትዬ የመኸር ወራት ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። የገጽ ቁጥር ማስተካከል፣ ማውጫ መሥራት፣ ማተም፣ መጠረዝ። ኮምፒውተሯ የጠፋችው በዚህ መሃል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዕድለኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ገና ወንበር ስስብ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ከታች የፋይል ስም ጽፏል። ስሙን አውቀዋለሁ፤ የዋይፋይዋ ድራይቨር ነው፣ ዊንዶውስን ከዋይፋይዋ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም። እትዬ ደግሞ ቀድማ «ዋይፋዩም ይጠፋል» ብላኛለች። ሁለቱን ገጣጠምኩና ነገሩ አለቀ ብዬ ደመደምኩ። ዋይፋይዋ ትበላሻለች፣ ስትበላሽ ኮምፒውተሯን ይዛ ትወድቃለች። ድራይቨሩን አውጥቼ አዲስ ጫንኩ። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዋይፋይዋን እንዳያጠፋት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ያለችውን ምልክት አነሳሁ። ሻይ ጠጣሁ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ፣ ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

በሁለተኛው ቀን ተደወለ። «ጠፋች!»

በዚህን ጊዜ ያደረኩትን ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ። ፎርማት አደረኳት፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ። የእኛ አገር ባለሙያ የማያውቀው በሽታ ሲገጥመው የሚያዘው መድኃኒት ነው። ከእኔ በፊትም አንድ ሌላ ሰው ፎርማት አድርጓት ነበር። ፎርማት ማድረግ የሚጎዳው ነገር አለ፤ ለሦስት ሰዓት ያህል ሁሉንም ሰው ሥራ የተሠራ ያስመስለዋል። ፓወር ግዕዝን መልሶ መጫን ብቻውን ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ። እሱ ከሌለ እትዬ ፊደል አትጽፍም። ጣቶቿ የለመዱት ያንን ነው።

በአራተኛው ቀን ሲደወል ስልኩን ሳነሳ «የፎርማት ልጅ» ሆኛለሁ።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እትዬ፣ ጠፋች ስትይኝ ምን ሆና ነው?» አልኳት።

«ጠፋች ነዋ! መጥፋት ምን ዓይነት አለው?»

አለው። «ጠፋ» ጉደኛ ቃል ነው። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ይጠፋል። ፋይል ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ያልታየ ሰውም «ምነው ጠፋህ?» ይባላል። እትዬ በዚህ አንድ ቃል ስንት ነገር እንደምትነግረኝ አላወቅሁም። እኔም አንድ ቃል ስለሰማሁ አንድ በሽታ እየፈለግኩ ነው።

ከመደርደሪያው ላይ ባለመስመር ደብተር አነሳሁና ሦስት ነገር እንድትጽፍልኝ ጠየቅኋት። ሰዓቱን፣ ምን እየሠራች እንደነበር፣ ስክሪኑ ላይ ምን እንደታየ። ሌላ ምንም እንዳታደርግ። እኔም አንድ ነገር ብቻ ነካሁ። ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣበት ጽሑፉ ሳይነበብ ወዲያው ሪስታርት ያደርጋል። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ የሚለው ጋ ይህ ይጠፋል። አጠፋሁትና ሰማያዊው ሲመጣ በስልኳ ፎቶ እንድታነሳው ነገርኳት።

ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ደብተሩን እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። ከውስጡ ጥቂቱ ይኸው፤

«ማክሰኞ 7፡40። ጠፋች። ድርግም። ምንም አልጻፈችም። ጀርባዋን ብነካት ምጣድ ናት።»

«ረቡዕ 3፡15። ሰማያዊ። የ90 ገጹን ልጅ ጽሑፍ እያስተካከልኩ። ፎቶ አንስቻለሁ።»

«ረቡዕ 5፡00። ዋይፋይ ጠፋ። ኮምፒውተሯ ደህና ናት። ፋይል ወደ ትልቁ ዲስክ እየገለበጥኩ።»

«ሐሙስ 4፡20። ፎቶ ኮፒው ሲነሳ ጠፍታ ራሷ ተነሳች።»

«ዓርብ 2፡10። እንደከፈትኳት ኢንተርኔት የለም። ዋይፋይ አለ ትላለች ግን ጂሜይል አልከፍትም አለ።»

«ዓርብ 8፡05። ድርግም። እንደ ማክሰኞው።»

ባለሙያ ነኝ ብዬ ዊንዶውስ የገጠመውን ከሚመዘግብበት ከኢቨንት ቪወር ውስጥ ያገኘሁት መረጃ ከዚህ ሲነጻጸር ምንም ነው። እዚያ ደጋግሞ የሚታየው «ከርነል ፓወር 41» የሚል መስመር ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፓወር ሰፕላይ ተበላሽቷል» ይላል። 41 የሚለው ግን ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ እንደጠፋ ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ሶኬቱን ብትነቅለውም 41 ይጽፋል።

የደብተሩን መስመሮች በየዓይነታቸው ስለያቸው አምስት መጥፋት ሆኑ።

የመጀመሪያው፣ ድርግም የሚለው፣ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ሁልጊዜ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ጠዋት አንድም ጊዜ የለም። ለድሬ ሰው ይህ ሰዓት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በሌላው ጊዜ እትዬም ዘግታ ትተኛለች። በምረቃ ሰሞን ግን ቀትሩን ትሠራለች፣ ኮምፒውተሯም አብራት።

ኮምፒውተሯ የተቀመጠችው ጠረጴዛው ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ነው። ከላይዋ ዳንቴል ለብሳለች። የሚያምር የእጅ ሥራ ነው፤ እትዬ ራሷ የሠራችው። ከፊት አጠር ብሎ፣ ከኋላ ግን ወርዶ የአየር ማስወጫውን ሸፍኖታል። ኬዙን ስከፍተው ያየሁትን አልረሳውም። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መሃል ያለው ቦታ በሙሉ ተደፍኗል። አቧራ ብቻ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አለ፣ የወረቀት ብናኝ አለ፣ የፎቶ ኮፒው ጥቁር የቶነር ዱቄት አለ። ሦስቱ ተጣብቀው እንደ ቡሉኮ ሆነዋል። በጣቴ ስስበው አንድ ላይ ተላጦ መጣ።

ሙቀቷን ከማጽዳቴ በፊት ለክቼ ነበር። ያለ ሥራ ስትቀመጥ 68 ዲግሪ። ጫና ስሰጣት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ 99። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካልበረደለት ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ሰማያዊ የለ፣ መልእክት የለ። እትዬ «ድርግም» ያለችው ይህን ነው። ቃሏ ከ41 ይሻላል።

ውጭ አውጥተን በብሎወር ነፋናት። ቶነር ያለበትን ቤት ውስጥ መንፋት አይሞከርም፤ ደቃቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ሳምባ ውስጥ ይገባል፣ ልብስም ያጠቁራል። ማስክ አደረግን። ፌኑን በጣቴ ይዤ ነው የነፋሁት፤ በንፋሱ ኃይል ያለ ልክ ሲሽከረከር ይበላሻል። ማቀዝቀዣውን አንስቼ ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያሻግረውን፣ የደረቀውን ፔስት ጠረግሁ። እንደ አሮጌ ኖራ ይፈረፈራል። አዲስ ቀባሁ፣ አንድ የአተር ፍሬ የምታክል። ከሳጥኑ አውጥተን ጠረጴዛው ጎን አስቀመጥናት። ዳንቴሉ ወደ ሞኒተሩ ተዛወረ።

በማግስቱ በቀትር ያለ ሥራ 46፣ በጫና 73። ድርግም የሚለው መጥፋት ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ የለም።

ጠፍታ ራሷ የምትነሳው ቀላል ነበር። ኮምፒውተሯ፣ ሞኒተሯ፣ ፕሪንተሩና ፎቶ ኮፒው በአንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው። ፎቶ ኮፒ ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ጥቅል ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል። የሱቁ አምፖል ራሱ ያንን ቅጽበት ደብዘዝ ይላል። ዲቫይደሩን ስገለብጠው አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡና መስሏል፤ ላልቶ ሲቀልጥ የቆየ ነው። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ያንን የዓይን ጥቅሻ የምታህል መውረድ ይችለዋል፣ ያረጀው ግን አይችለውም። ፎቶ ኮፒውን ወደ ግድግዳ ሶኬት አዛወርነው። ዲቫይደሩ ተጣለ። እትዬ «ገና ይሠራል እኮ» ብላ ከቆሻሻው ልታነሳው ነበር። ሰበርኩት።

አሁን ሰማያዊው ቀረ። ሁለት ጊዜ ያሳሳተኝ እሱ ነው።

እትዬ አራት ፎቶ አንስታለች። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዱ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል። ሌላው «አይ አር ኪው ኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል»፣ ከታቹ የዋይፋይዋ ድራይቨር ስም። ሦስተኛው የፋይል ሲስተሙን ነው የሚከሰው። አራተኛው የቪዲዮውን ድራይቨር። አንድ ፎቶ ብቻ ቢኖረኝ እንደገና ዋይፋይዋን እይዛት ነበር። አራቱን አንድ ላይ ሳያቸው ግን ነገሩ ተገለበጠ። ወንጀሉ አንድ፣ የተከሰሰው ሰው ግን በየቀኑ የተለየ። እንዲህ ሲሆን ተከሳሾቹን ትቶ ሁሉም የሚኖሩበትን ቤት ማየት ነው። ቤቱ ራም ነው፤ የተከፈተ ፕሮግራምና ፋይል ሁሉ ለጊዜው የሚያርፍበት።

ራም ላይ የተበላሸች ነጥብ ካለች፣ እዚያ ነጥብ ላይ ያረፈ ፕሮግራም ሁሉ ይወድቃል። ዛሬ የዋይፋይዋ ድራይቨር ያርፍባታል፣ ነገ ሌላ። ትንሽ ፋይል ከከፈትክ ማንም ላይደርስባት ይችላል። 90 ገጽ ከነሥዕሉ ስትከፍት፣ ብራውዘሩም ሲጨመር ራሙ ይሞላል፣ ነጥቧ ላይ መድረስ አይቀርም። ፎርማት ያልፈወሳትም ለዚህ ነው። እንዲያውም በተበላሸ ራም ላይ ዊንዶውስ ስትጭን የምትገለብጠው ፋይል ራሱ ተበላሽቶ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ ያደረግኩት ያንን ነው።

እርግጠኛ ለመሆን መጀመሪያ ሊኑክስ ሚንትን፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም፣ በፍላሽ አስነሳሁ። ሀርድ ዲስኳን አይነካም፣ ዊንዶውሱንም አይጠቀምም። ብራውዘር ላይ ሃያ ያህል ገጽ ከፍቼ ተውኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደርቃ አገኘኋት። ዊንዶውስ ነጻ ወጣ።

ቀጥሎ ሜምቴስት። ይህ ከፍላሽ ተነስቶ ራሙን ነጥብ በነጥብ እየጻፈ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ማታ ትቼው ልሄድ ነበር፣ አላስፈለገም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ መስመሮች ይዘንቡ ጀመር። እትዬ ከኋላዬ ቆማ «ይሄ ቀዩ ጥሩ ነው?» አለች።

ውስጥ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም አለ። አንደኛው አብሯት የተወለደ ነው፤ የጽሑፉ ቀለም፣ አቧራው፣ ሁሉም ከማዘርቦርዱ ጋር ይመሳሰላል። ሌላው የሌላ ፋብሪካ፣ ፍጥነቱም 1333 ነው፣ የመጀመሪያው 1600። ሻጩ «8 ጊጋ ናት» ለማለት የጨመረው መሆን አለበት። ፍጥነታቸው መለያየቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ ሁለቱም በዝቅተኛው ይሠራሉ። በላጲስ የወርቅ ጥርሶቻቸውን አሸሁ። ይህ የሁላችንም የመጀመሪያ ሙከራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። በዚህ ቀን አልሠራም።

ከዚያ አንድ በአንድ። የመጀመሪያውን ብቻ አስገብቼ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈተንኩ፣ ንጹሕ። የተጨመረውን ብቻ በዚያው ቀዳዳ፣ ቀይ። በሌላ ቀዳዳ፣ ቀይ። ይህች የመጨረሻዋ ሙከራ አትዘለል። ቀዳዳው ራሱ ቢበላሽም ራሙ የተበላሸ ይመስላልና።

የተበላሸውን አወጣሁ። ኮምፒውተሯ በ4 ጊጋ ቀረች፣ ተንቀራፈፈች። በሦስተኛው ቀን የድሬው ታይዋን ገበያ ወርጄ ተመሳሳይ አገኘሁ። ሻጩን «ቁጭ ብዬ ሳልፈትነው አልከፍልም» ስለው ሳቀብኝ፤ ግን ሶኬት ሰጠኝ፣ ወንበርም ሰጠኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ኮምፒውተሩ ላይ ሳፈጥ ሙሸበክ በላሁ። ንጹሕ ወጣ። ዊንዶውሱንም እንደገና ጫንኩ፣ ያለ ክፍያ። የቀድሞው በታመመ ራም የተጫነ ነበርና። ሁለተኛው ፎርማቴ ነው፤ ይህኛው ግን ምክንያት ነበረው።

ዋይፋይ ላይ ከሁሉም በላይ ተከራከርን።

እትዬ «ስልኬ እኮ እዚሁ ሆኖ ይሠራል» ትላለች። እውነቷን ነው። ጎረቤቷም ራውተሩ ደህና እንደሆነ ይምላል። እሱም እውነቱን ነው። ግን ኮምፒውተሯ ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ «ኢንተርኔት ጠፋ» እና «ዋይፋይ ጠፋ» የሚሉትን መለየት ነበረብኝ። ለዚህ ፒንግ ይበቃል፤ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው። ጉግልን ሳይሆን ራውተሩን ራሱን፣ 192.168.1.1ን። ራውተሩ እየመለሰ ድረ ገጽ ካልከፈተ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ራውተሩ ራሱ ካልመለሰ ግን ችግሩ በእኛና በግድግዳው መካከል ነው።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ፒንጉን ለቀቅኩት። 3 ሚሊ ሰከንድ፣ 4፣ 3፣ 5። ደህና ነው። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን አየነው፣ አልጠፋም። እትዬ «አንተ ስትመጣ ጤነኛ ትሆናለች» አለች። የሕክምና ሰዎችም ይህን የሚሰሙ ይመስለኛል።

ደብተሩን ገለጥኩ። ዋይፋይ የጠፋባቸው መስመሮች ሰባት ናቸው። አምስቱ ላይ «እየገለበጥኩ» የሚል ቃል አለ።

«እትዬ፣ ትልቁን ዲስክ ሰኪው።»

ሰካችው። መስመሮቹ ቆሙ። «ሪኩዌስት ታይምድ አውት።» እንደገና «ታይምድ አውት»። ከዚያ 240፣ ከዚያ 611፣ ከዚያ ምንም።

«ንቀይው።»

3። 4። 3።

እትዬ ሳቀች። ሰካችው፣ ነቀለችው፣ ሰካችው። ሦስት ተማሪ መጥቶ ይጠብቃታል፣ እሷ እንደ ልጅ ትጫወታለች። «ዲስኩ ዋይፋዩን ይበላዋል ማለት ነው?»

አይበላውም፣ ይጮህበታል። ሰማያዊ አፍ ያለው ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያመላልስ በዙሪያው የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። ጫጫታው ደግሞ ዋይፋይ የሚነጋገርበት 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ይወድቃል። ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ በጽሑፍ አውጥቶታል። ያቺ ጥፍር የምታህል ዋይፋይ የተሰካችው ከኋላ፣ ከዲስኩ ገመድ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። በዚያ ላይ በእሷና በራውተሩ መካከል የኮምፒውተሯ ብረት ኬዝ ቆሟል። አሸዋ ገበያ መሃል ቆሞ፣ ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስልክ እንደ ማናገር ነው። ስልኳ የሚሠራው ጀርባው ላይ የሚጮህ ዲስክ ስለሌለው ነው።

ቀደም ብዬ የራውተሩን ቻናል ከ6 ወደ 11 ለውጬ ነበር። ያልረዳው ለዚህ ነው። ቻናል መለወጥ ከጎረቤት ዋይፋይ ያርቃል፤ ይህ ጫጫታ ግን ባንዱን በሙሉ ነው የሚሸፍነው፣ የትም ብትሄድ አለ።

መፍትሔው አሳፋሪ ርካሽ ነበር። ሜትር ተኩል የምትሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ። ከፊት ባለው ጥቁር የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ሰካኋት፣ ጫፏ ላይ ዋይፋይዋን አድርጌ ግድግዳው ላይ ራውተሩ ባለበት በኩል ከፍ አድርጌ በፕላስተር ለጠፍኳት። ዲስኩ ከኋላ ቀረ። ፒንጉን ለቅቄ 12 ጊጋ የሚሆን ፋይል እንድትገለብጥ አደረግሁ። 4፣ 3፣ 6፣ 4። አንድም አልጠፋም።

ከዚህ የሚሻለው ግድግዳውን በስቶ ኬብል ማስገባት ነው። ዋይፋይ የሚባል ነገር ጠረጴዛ ላይ ለማይንቀሳቀስ ዕቃ ምን ያደርጋል? ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ግድግዳ መብሳትን እንደ ጥርስ መንቀል ነው የሚያየው። ስለዚህ ፕላስተር።

የጠዋቱ መጥፋት የተለየ ነበር። ዋይፋይ አለ ይላል፣ ፒንጉም ይመለሳል፣ ግን ጂሜይልም ባንክም አይከፍትም፤ «ኮኔክሽንዎ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየሁ። ጃንዋሪ 2014።

«እትዬ፣ ይቺ ኮምፒውተር ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ናት?»

«2014። በእኛ ስለምትቆጥር መስሎኝ። ግን የእኛም እኮ 2017 ነው።»

ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ሞታለች። እትዬ መብራቱን ስለማታምን ማታ ማታ ሁሉንም ከሶኬት ትነቅላለች። ስትነቅል ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ማረጋገጫ አላቸው፤ 2014 ላይ ለቆመች ኮምፒውተር ማረጋገጫው ገና ያልተሰጠ ነው፣ ስለዚህ አታምነውም። ቀኑን በእጅ እያስተካከለ የቆየው የእህቷ ልጅ ነው። እሱ ባልመጣ ቀን «ዋይፋይ ጠፋ» ይባላል። ባትሪዋን ቀየርኩ። 2032 የምትባለዋ ናት፣ የእጅ ሰዓት የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አለች።

አንድ ነገር ሳልፈታ ቀርቷል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ያን ጊዜ ሊያበቃ ወራት ነበር የቀሩት፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን አይቀበልም፤ ከስምንተኛ ነው የሚጀምረው። ሊኑክስ ላይ እንድትሠራ አሳይቻት ነበር። ወደደችው። «ፓወር ግዕዝስ?» አለች። ዝም አልኩ። ለጊዜው የባንክ ነገር በስልኳ ብቻ እንድትሠራ፣ የተማሪዎቹንም ፍላሽ ሁሉ በአንቲቫይረስ ሳታሳልፍ እንዳትከፍት ተስማማን። የመጀመሪያውን ታደርጋለች። ሁለተኛውን ሰልፉ ሲረዝም የምትተወው ይመስለኛል።

ሒሳቡ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉብኝቶች ገንዘብ ልመልስ አልኩ፣ ያልሠራሁትን ሥራ ነውና። እሷ የባትሪዋንና የገመዷን ዋጋ እንኳ እጥፍ ልትከፍል ትፈልጋለች። በመጨረሻ የአንድ ዓመት ፎቶ ኮፒ በነጻ ተባባልን።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፎቶ ኮፒዬን ላስነሳ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ተመርቀው ሄደዋል፣ ሱቁ ጸጥ ብሏል። ደብተሩ ከኮምፒውተሯ ጎን ተቀምጧል። አቁሚ ስላላልኳት መጻፏን ቀጥላለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤

«ሰኞ 8፡10። ጠፋ። መብራቱ ነው፣ እሷ አይደለችም።»